ከመሠረት እስከ ከፈፍ፦ አነስተኛ የደጅ መጠለያ እንዴት ይነደፋል?

ለሥነ ሕንፃ ተማሪ በአራት ምሰሶ ላይ የቆመ አንድ ጣሪያ ከመንደፍ የተሻለ መማሪያ አለ ብዬ አላምንም። በትልቅ ሕንፃ ውስጥ ስሕተት የሚሸሸግበት ቦታ ሞልቷል፤ ኮርኒስ ቧንቧውን ይሸፍናል፣ ልስን የግንቡን ጥመት ይደብቃል። የደጅ መጠለያ ግን ሁለመናው ፊት ለፊት ነው። ብሎኑ፣ የዝናቡ መውረጃ፣ ምሰሶው መሬት የሚነካበት ቦታ ሁሉ ይታያል፤ የተቀመጠ ሰው እጁን ዘርግቶ ሊዳስሰው ይችላል። በየል ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት የሥነ ሕንፃ ማስተርስ ተማሪዎች ከ1967 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የነደፉትን በእጃቸው ይገነባሉ። በአሜሪካዋ አላባማ ግዛት የኦበርን ዩኒቨርሲቲ ሩራል ስቱዲዮም ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዚሁ መንገድ ያስተምራል። አንድ ተማሪ የሳለው መስመር ክብደት እንዳለው በደንብ የሚገባው ያንን መስመር ተሸክሞ ሲያነሣው ነው።

ይህ መመሪያ ስምንት ሰው የሚያስቀምጥ የእንጨት መጠለያን ምሳሌ አድርጎ ከመጀመሪያው ጥያቄ እስከ ግንባታው ይዘልቃል። ቁጥሮቹ እርስ በርስ እንዲገጥሙ ተደርገው የተመረጡ ናቸው፤ እያነበባችሁ በወረቀት ላይ ብትሠሯቸው የበለጠ ትጠቀማላችሁ። የእናንተ መጠለያ ከብረት ወይም ከቀርከሃ ሊሆን ይችላል፤ የጥያቄዎቹ ቅደም ተከተል ግን አይለወጥም። አንድ ነገር ከወዲሁ ልንገራችሁ፦ በዚህ አካሄድ ቅርጹ የሚመጣው ዘግይቶ ነው። ቅርጹን አስቀድሞ መርጦ ዝናብና ፀሐይን እንደ ምንም ማስገባት አይቻልም፤ ዝናቡ በራሱ መንገድ ይገባል።

ደረጃ 1፦ ማን፣ ከምን፣ ለምን ያህል ጊዜ?

እርሳስ ከማንሣታችሁ በፊት አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። መጠለያው ማንን፣ ከምን፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚያስጠልል የሚናገር ይሁን።

«ከምን» የሚለው ቃል ብዙ ነገር ይወስናል። ከፀሐይ የሚያስጠልል ጣሪያ ከፍ ያለና አየር የሚያሳልፍ ቢሆን ይመረጣል። ከዝናብ የሚያስጠልል ግን ዝቅ ማለትና ከምሰሶዎቹ አልፎ መውጣት አለበት። ነፋስን ጣሪያ አይመልሰውም፤ ነፋስ ግድግዳ ይፈልጋል። ሦስቱን እኩል እመልሳለሁ የሚል ንድፍ አንዱንም በደንብ ሳይመልስ ይቀራል፤ ስለዚህ በቅደም ተከተል አስቀምጧቸው። ጊዜውም እንዲሁ ነው። አሥር ደቂቃ ለሚጠብቅ ሰው ጎኑን የሚያሳርፍበት ነገር ይበቃዋል፤ አንድ ሰዓት ለሚቀመጥ ሰው የጀርባ መደገፊያና ፊቱን የማይመታ ብርሃን ያስፈልገዋል።

የምሳሌያችን ዓረፍተ ነገር ይህ ነው፦ «ስምንት ተማሪዎች ለአንድ ሰዓት ያህል ተቀምጠው የሚወያዩበት፣ በተሽከርካሪ ወንበር የሚንቀሳቀስ ሰው ያለ እርዳታ ገብቶ የሚዞርበት፣ በመጀመሪያ ከዝናብ፣ ቀጥሎ ከከሰዓት በኋላ ፀሐይ የሚከልል መጠለያ።» ይህን ጽፋችሁ ከሥራ ጠረጴዛችሁ ፊት ለጥፉት። በቡድን ስትሠሩ የሐሳብ ልዩነት መነሣቱ አይቀርም፤ ያን ጊዜ ዳኛው ይህ ዓረፍተ ነገር ይሁን።

ደረጃ 2፦ ቦታውን ማጥናት

ቦታውን በጠዋት፣ በቀትርና ከሰዓት በኋላ እዩት። ከተቻለ በዝናብም ሂዱ። ሰዎች በየት አቋርጠው እንደሚያልፉ፣ የት ቆመው እንደሚያወሩ፣ ውሃ የት እንደሚቋጥር፣ ዝናብ ከየትኛው አቅጣጫ እንደሚገፋ በአንድ ፕላን ላይ መዝግቡ። ሰዎች ረግጠው ያበጁትን የእግር መንገድ አትዝጉ፤ መጠለያው ከመንገዱ ጎን ቢሆን ይሻላል። የትልልቅ ዛፎች ሥር ያለበትን አካባቢም ለመሠረት ቁፋሮ አትምረጡት። ከመሬት በታች የሚያልፍ የውሃ፣ የመብራት ወይም የስልክ መስመር መኖሩን የቦታውን ባለቤት ጠይቁ፤ ፈቃዱንም በዚያው በጽሑፍ ተቀበሉ።

ፀሐይን በግምት አትተዉ። ፀሐይ ቀትር ላይ በትክክል አናት ላይ የምትሆንበት ኬክሮስ በዓመት ውስጥ ከ23.5 ዲግሪ ሰሜን እስከ 23.5 ዲግሪ ደቡብ ይመላለሳል። የቦታችሁ ኬክሮስ ከዚያ በስንት ዲግሪ እንደሚርቅ አስሉና ከ90 ቀንሱ፤ የቀትር ፀሐይ ከአድማስ በላይ ያላት ከፍታ ይገኛል። በ40 ዲግሪ ሰሜን የሚገኝ ቦታ በሰኔ አጋማሽ 73.5 ዲግሪ፣ በታኅሣሥ አጋማሽ 26.5 ዲግሪ ያገኛል። ከምድር ወገብ አጠገብ ያለ ቦታ ደግሞ የቀትር ፀሐይ ከዓመቱ ከፊሉን ከሰሜን፣ ከፊሉን ከደቡብ ትመጣበታለች። የትም ብትሆኑ ግን የጠዋትና የማታ ፀሐይ ዝቅ ብላ ከጎን ነው የምትገባው፤ ወሳኙም ይህ ነው።

ደረጃ 3፦ ከሰው አካል መነሣት

የመጠለያው ስፋት ከወረቀት ላይ አይመረጥም፤ ከተቀመጠ ሰው ይመጣል። ልትይዟቸው የሚገቡ መጠኖች እነዚህ ናቸው፦

- የመቀመጫ ከፍታ ከ43 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር፣ ጥልቀት ከ40 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር
- ለአንድ ተቀማጭ 60 ሳንቲ ሜትር የአግዳሚ ርዝመት
- ከተቀማጩ ፊት ለእግሩ 50 ሳንቲ ሜትር ያህል
- ለተሽከርካሪ ወንበር መዞሪያ 150 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ፣ መግቢያ ቢያንስ 90 ሳንቲ ሜትር
- የመወጣጫ ዘንበል ከ1 ለ12 ያልበለጠ፤ ማለትም 10 ሳንቲ ሜትር ለመውጣት 1.2 ሜትር
- ሰው በሚቆምበት ሁሉ ቢያንስ 2.1 ሜትር የራስ ከፍታ

አሁን ምሳሌያችንን እንገንባ። ሁለት አግዳሚዎች በማዕዘን ይገናኙ። ረጅሙ 3.2 ሜትር ቢሆን አምስት ሰው ያስቀምጣል። አጭሩ 2.4 ሜትር ሆኖ ለማዕዘኑ የሚሄደው 45 ሳንቲ ሜትር ሲቀነስ ለሦስት ሰው ይተርፋል። ስለዚህ የምሰሶዎቹ ርቀት 2.4 በ3.2 ሜትር ይሆናል። ከአግዳሚዎቹ ፊት የሚተርፈው ወለል 1.95 በ2.75 ሜትር ነው። ለመዞሪያው ክብ የሚበቃ ይመስላል፤ ነገር ግን የተቀማጮቹን እግር ስትቀንሱ በአንድ በኩል 1.45 ሜትር ብቻ ይቀራል። መፍትሔው ሕንፃውን ማስፋት አይደለም። የወለሉን ንጣፍ ከፊት ምሰሶዎች አሳልፎ እስከ ከፈፉ ማውጣት ይበቃል፤ 60 ሳንቲ ሜትር ይጨመራል፣ ወንበሩም ይዞራል። ከአጭሩ አግዳሚ ትይዩ ያለው ጎን መግቢያ ይሁን፤ ከረጅሙ አግዳሚ ጫፍ ላይ አንድ መቀመጫ ቀንሳችሁ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚመጣው ሰው ቦታ ተዉለት፤ ከሌሎቹ ጎን ለጎን ይቀመጥ እንጂ መሐል ላይ ብቻውን አይቁም።

ይህን ሁሉ በወለል ላይ በቴፕ አስምሩትና ስምንት ሆናችሁ በትክክለኛ መጠን ተቀመጡበት። በስክሪን ላይ ሰፊ የመሰለው ነገር ጠባብ፣ ጠባብ የመሰለው ሰፊ ሆኖ የሚገኘው እዚህ ላይ ነው።

ደረጃ 4፦ ጣሪያው፣ ዝናቡና ጥላው

የመጠለያ ንድፍ ልብ ይህ ነው፤ ጊዜያችሁን እዚህ አፍስሱ።

ጣሪያው ባለ አንድ ተዳፋት ይሁን። ለጀማሪ ቡድን የሚመች፣ ውሃውን በአንድ ጎን ብቻ የሚያወርድና መገጣጠሚያው ጥቂት የሆነ ጣሪያ ነው። ለቆርቆሮ 10 ዲግሪ ያህል ዘንበል እንያዝለት። ከፊትና ከኋላ 60፣ ከግራና ከቀኝ 40 ሳንቲ ሜትር ከምሰሶዎቹ ይውጣ። የጣሪያው ስፋት 3.6 በ4 ሜትር ይሆናል። ኋላ ያለው ዝቅተኛ ጠርዝ 2.2 ሜትር ላይ ቢሆን፣ በ10 ዲግሪ ዘንበል የፊቱ ጠርዝ 2.83 ሜትር ላይ ይደርሳል።

ዝናብ ቀጥ ብሎ ብቻ አይወርድም። ነፋስ ሲገፋው ከቁልቁል መስመር 30 ዲግሪ ቢያዘነብል ከጠርዙ ጀምሮ የሚገባበት ርቀት የጠርዙ ከፍታ በ0.58 ሲባዛ ነው። በፊት በኩል 2.83 በ0.58 ሲባዛ 1.63 ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ከዚያ ላይ የጣሪያውን 60 ሳንቲ ሜትር ቀንሱ። ዝናቡ ከምሰሶው ወደ ውስጥ አንድ ሜትር ይገባል ማለት ነው። 2.4 ሜትር ስፋት ባለው መጠለያ ውስጥ አንድ ሜትር ትልቅ ነገር ነው። በኋላ በኩል ግን ስሌቱ ሌላ ነው። ከ2.2 ሜትር ጠርዝ የሚነሣው የዝናብ መስመር 60 ሳንቲ ሜትር ተጉዞ ምሰሶው ጋር ሲደርስ ቁመቱ 1.16 ሜትር ላይ ወርዷል። እዚያ ላይ 1.2 ሜትር የሚደርስ ክልል (መከለያ ግድግዳ) ብታቆሙ ያንን ዝናብ ሙሉ በሙሉ ያግደዋል፤ ከክልሉ በላይ እስከ ተሸካሚው (ከምሰሶ ምሰሶ እስከሚዘረጋው አግድም ጣውላ) ድረስ ያለው ክፍት ቦታ ለአየርና ለእይታ ይተርፋል፤ ክልሉም በዚያው ለረጅሙ አግዳሚ የጀርባ መደገፊያ ይሆናል። አንድ መስመር በሴክሽን (መጠለያው ከላይ እስከ ታች ተቆርጦ ቢታይ የሚያሳይ ሥዕል) ላይ በመሳል ግድግዳ ቀነሳችሁ፣ መደገፊያ አገኛችሁ፣ የመጠለያው ፊትና ጀርባም ተለየ። ቅርጽ የሚወለደው እንዲህ ነው፤ እኔ ከማንኛውም የኮምፒውተር ምስል ይልቅ ይህን መስመር አምናለሁ።

ስለዚህ ዝቅተኛውን ጠርዝ ዝናብና ነፋስ በብዛት ወደሚመጡበት አዙሩት። ነፋስ በከፍተኛው ጠርዝ በኩል ሲገባ ጣሪያውን ከሥር ወደ ላይ ይገፋዋልና ይህ አቀማመጥ ለሁለቱም ይበጃል።

ጥላ ደግሞ ተንኮለኛ ነው። ፀሐይ በ30 ዲግሪ ከፍታ ላይ ስትሆን 2.4 ሜትር ላይ ያለ ጣሪያ ጥላው ከሥሩ ከአራት ሜትር በላይ ርቆ ይወድቃል። የጣሪያውን ጠርዝ በግማሽ ሜትር ማስረዘም ለዚህ ምንም አይፈይድም። የማታ ፀሐይን የሚያቆመው የቆመ ክልል ብቻ ነው። በምሳሌያችን አጭሩን አግዳሚ በምዕራብ በኩል አድርጋችሁ ከጀርባው እስከ 1.8 ሜትር የሚደርስ የቀጫጭን ጣውላ ክልል አቁሙ። የተቀመጠ ሰው ዓይን ከመሬት 1.2 ሜትር አካባቢ ነው፤ በዚያ ከፍታ ላይ ጣውላዎቹ ጠበብ፣ ከዚያ በታች ሰፋ ብለው ቢደረደሩ ፊት ይከለላል፣ አየርም ያልፋል።

የሚወርደውንም ውሃ አስቡበት። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ሊትር ነው። 14.4 ካሬ ሜትር ጣሪያ 20 ሚሊ ሜትር ሲዘንብበት 288 ሊትር ያወርዳል። ይህ ሁሉ ከአግዳሚው ጀርባ መሬት ሲቆፍር እንዳይኖር በአሸንዳ ሰብስቡት፣ ወይም ከጠርዙ ሥር ጠጠር የተሞላ ቦይ አዘጋጁለት። ውሃን የንድፉ መሐል ያደረጉም አሉ። የሥነ ሕንፃ ባለሙያው ፍራንሲስ ኬሬ በ2017 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ በሠራው የሰርፐንታይን ፓቪሊዮን ጣሪያው ወደ መሐል ያዘነበለ ነበር፤ ዝናቡ በመሐል ክፍተቱ እንደ ፏፏቴ ወርዶ በወለሉ በኩል ፓርኩን ለማጠጣት ይሰበሰብ ነበር። እናንተ ግን ወደ ውስጥ የሚያዘነብል ጣሪያ ለመሥራት ብታስቡ፣ መውረጃው በቅጠል የተደፈነ ዕለት ውሃው የት እንደሚሄድ አስቀድማችሁ ሳሉት።

ደረጃ 5፦ እንዲቆም ማድረግ

አራት ምሰሶዎችና በላያቸው ያሉ ተሸካሚዎች በብሎን ብቻ ቢያያዙ በጎን ሲገፉ ይጋደማሉ። ሦስት ማዕዘን ግን ጎኖቹ ካልተሰበሩ ቅርጹን አይለውጥም። ስለዚህ በሁለቱም አቅጣጫ ሰያፍ ማጠንከሪያ ያስፈልጋል። የጀርባውና የምዕራቡ ክልል ውስጣቸው ሰያፍ እንጨት ከገባላቸው ይህን ሥራ ይሠራሉ። ሁለት ክልል ብቻ ግን አይበቃም፤ በአንድ ማዕዘን ስለሚገናኙ ጣሪያው በዚያ ማዕዘን ዙሪያ ሊጠመዘዝ ይችላል። ቢያንስ ሦስት የተጠናከሩ ጎኖች መኖር አለባቸው፣ ሦስቱም በአንድ ነጥብ የሚገናኙ ወይም ትይዩ የሆኑ መሆን የለባቸውም። ሦስተኛው የፊቱ ተርታ ይሁን፤ ከምሰሶ ወደ ተሸካሚው በ45 ዲግሪ የሚወጡ አጫጭር ደጋፊዎች ክፍቱን ፊት ሳይዘጉ ያጠነክሩታል። ጣሪያው ራሱም በሰያፍ መታሠር አለበት።

ለተሸካሚ ጣውላ ቁመት መነሻ እንዲሆናችሁ ርዝመቱን ለ16 አካፍሉ፦ ለ3.2 ሜትር 20 ሳንቲ ሜትር፣ ለ2.4 ሜትር ወራጅ (በተሸካሚዎቹ ላይ አርፎ ከጣሪያው ጋር የሚያዘነብለው ጣውላ) 15 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ጣውላውን ሁልጊዜ በጠርዙ አቁሙት። 5 በ20 የሆነ ጣውላ በጠርዙ ሲቆም በጠፍጣፋው ከሚተኛው 16 ጊዜ የበለጠ መጉበጥን ይቋቋማል፤ እንጨቱ ያው፣ ዋጋው ያው ነው።

ተማሪዎች በብዛት የሚዘነጉት ኃይል ወደ ላይ የሚጎትተው ነው። ቀላል ጣሪያ መጀመሪያ የሚያሰጋው መውደቁ ሳይሆን መነሣቱ ነው። የነፋስ ግፊት በኒውተን በካሬ ሜትር የሚገኘው ፍጥነቱን በሜትር በሰከንድ ወስዳችሁ በራሱ ስታባዙትና ውጤቱን በ0.613 ስታባዙት ነው። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። በሰከንድ 30 ሜትር የሚነፍስ ነፋስ 552 ኒውተን፣ ማለትም በካሬ ሜትር 56 ኪሎ ግራም ያህል ይገፋል። ሙሉው ግፊት ጣሪያውን ወደ ላይ ያነሣዋል ብለን ብናስብ፣ 14.4 ካሬ ሜትር ላይ 810 ኪሎ ግራም ገደማ ይሆናል።

ጣሪያው ምን ያህል ይመዝናል? ቆርቆሮው በካሬ ሜትር 5 ኪሎ ግራም ሲታሰብ 72፣ እንጨቱ 0.3 ሜትር ኩብ በ500 ኪሎ ግራም ሲሰላ 150፤ በድምሩ 220 ያህል ነው። ለጥንቃቄ የነፋሱን በ1.5 አባዙት፣ የክብደቱን በ0.9፦ 1215 ሲቀነስ 198፣ 1017 ኪሎ ግራም። ለአራት ምሰሶ ሲካፈል ለእያንዳንዱ 254 ይደርሰዋል። የአንድ ሜትር ኩብ ኮንክሪት ክብደት 2400 ኪሎ ግራም ስለሆነ 45 በ45 በ55 ሳንቲ ሜትር የሆነ መሠረት 267 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ ይበቃል። ይህ ስሌት ነገሩን ለመረዳት ነው። ነፋስ ጠርዞችንና ማዕዘኖችን ከመሐሉ በላይ ይጎትታል፣ ክልሎቹም በጎን ይገፋሉ፤ ስለዚህ በሀገራችሁ የሕንፃ ደንብ ያለውን የነፋስ ፍጥነት ውሰዱና ሥራውን ለመዋቅር መሐንዲስ አሳዩ። ያለ መሐንዲስ ፊርማ ሰው የሚቀመጥበት ጣሪያ አይቁም።

ደረጃ 6፦ መጋጠሚያዎቹ

ያ 254 ኪሎ ግራም ከቆርቆሮው ተነሥቶ መሠረቱ ጋር የሚደርሰው በየመጋጠሚያው አልፎ ነው፦ ቆርቆሮ ከማገር፣ ማገር ከወራጅ፣ ወራጅ ከተሸካሚ፣ ተሸካሚ ከምሰሶ፣ ምሰሶ ከብረት ጫማ፣ ጫማ ከኮንክሪት። አንዱ ከተፈታ የሌሎቹ ጥንካሬ ዋጋ የለውም። በየአንዳንዱ ላይ «ወደ ላይ ቢጎተት የሚይዘው ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። «ሚስማር» የሚል መልስ ካገኛችሁ አቅጣጫውን እዩ፤ ወደ እንጨቱ ቀጥ ብሎ የገባ ሚስማር በገባበት መስመር ሲጎተት በቀላሉ ይወጣል። ወራጁን ከተሸካሚው ጋር በብረት ማሠሪያ ያዙት።

ተሸካሚውን ከምሰሶ ጋር ለማያያዝ ለተማሪ ቡድን የምመክረው ሁለት ጣውላዎች ምሰሶውን ከግራና ከቀኝ አቅፈው በሁለት ባለ 12 ሚሊ ሜትር ብሎን የሚታሠሩበትን ዘዴ ነው። ልዩ ቆረጣ አይፈልግም፣ ስሕተት ይታገሣል፣ ሲፈታም እንጨቱ ሙሉ ሆኖ ይገኛል። የብሎኑ ቀዳዳ ከጣውላው ጫፍ ቢያንስ የብሎኑን ውፍረት 7 ጊዜ፣ ከጎኑ ጠርዝ 4 ጊዜ ይራቅ፤ ለባለ 12 ሚሊ ሜትር 84 እና 48 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። ከዚህ ከቀረበ እንጨቱ በቃጫው መስመር ይሰነጠቃል። በሁለቱም ፊት ሰፊ ሮንዴላ አድርጉ፣ ዳዶው እንጨቱን እንዳይበላው።

ምሰሶው መሬት የሚነካበትን ቦታ በ1 ለ5 ስኬል ሳሉት። እንጨት ውሃን በብዛት የሚጠጣው በተቆረጠው ጫፉ በኩል ነው፤ ምሰሶ ደግሞ ያንን ጫፍ አፍጥጦ ወደ ታች ያዞረዋል። ዝናብ ከወለል ላይ ይረጫል፣ ውሃው በምሰሶው ሥር ይቋጥራል፣ ጥላ ስለሆነ አይደርቅም፤ ብስባሽና ምስጥ የሚጀምሩት እዚያው ነው። ስለዚህ የመሠረቱ አናት ከወለሉ ወጣ ይበል፣ ላዩም ወደ ጎኖቹ ሁሉ በትንሹ ያዘንብል። ምሰሶው በላዩ ላይ አይረፍ፤ በዚንክ የተነከረ የብረት ጫማ ከመሬት ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጎ ይያዘው፣ ከእንጨቱ ጫፍ ሥርም አየር ይዙር። ጫማው ጽዋ መሰል ከሆነ ውሃ ያጠራቅማል፤ ግራና ቀኝ ሁለት ላሜራ ብቻ ያለው ይሻላል።

ደረጃ 7፦ ሞዴልና ሥዕል

በ1 ለ50 ብዙ ሞዴሎችን በፍጥነት ሠርታችሁ አወዳድሩ፤ የመረጣችሁትን በ1 ለ10 በእውነተኛው የእንጨት ብዛት ሥሩት። ሞዴሉ መቆሙ ግን ሕንፃው ለመቆሙ ማረጋገጫ አይሆንም። በ1 ለ10 ሲቀነስ ክብደት ሺህ ጊዜ፣ የእንጨቱ ወርድ ጥንካሬ ግን መቶ ጊዜ ብቻ ያንሳልና ሞዴሉ ከራሱ ክብደት አንጻር አሥር እጥፍ የጠነከረ ሆኖ ይታያል። ሞዴሉ በደንብ የሚነግራችሁ መጋደሙን ነው፤ ማዕዘኑን በጣት ገፋ አድርጉና ወዴት እንደሚሄድ እዩ። ከዚያ አንድ መጋጠሚያ በትክክለኛ መጠኑ ሥሩ። ሁለት እጅ ብሎኑን ለማጥበቅ የሚገባበት ቦታ አለ ወይ የሚለው የሚታወቀው ያን ጊዜ ነው።

ለጁሪም (ሥራችሁን ለሚገመግሙት ዳኞች) ለግንባታም ዋናው ሥዕል በአግዳሚው ላይ የተቆረጠ ሴክሽን ነው፤ የተቀመጠ ሰው፣ የዝናቡ መስመርና የማታ ፀሐይ አንድ ላይ ይታዩበት። ከእሱ ጋር የመሠረት ፕላን፣ የወለል ፕላን፣ የጣሪያ ፕላን፣ የሦስት መጋጠሚያዎች ዝርዝርና የአተካከል ቅደም ተከተሉን የሚያሳይ ሥዕል ይኑሩ።

ደረጃ 8፦ የእንጨት ዝርዝር

ሥዕሉን ከመጨረሳችሁ በፊት ጣውላ በምን ርዝመት እንደሚገኝ ጠይቁ። የምሳሌያችን ጣሪያ ጎን 4 ሜትር የሆነው በዚህ ምክንያት ነው፤ 4.2 ቢሆን ኖሮ ባለ 4 ሜትር ማገር ሁሉ መቀጠል ያስፈልገው ነበር። ወራጁ ከዘንበሉ ጋር 3.66 ሜትር ይመጣል፤ እሱም ከባለ 4 ሜትር ጣውላ ይወጣል። እያንዳንዱን ቁራጭ በቁጥር መዝግቡ፣ ለብክነት ከ10 እስከ 15 በመቶ ጨምሩ።

መጠለያው ጊዜያዊ ከሆነ መፍረሱንም አብራችሁ ንደፉ። የሥነ ሕንፃ ባለሙያው ሺገሩ ባን ለ2000 እ.ኤ.አ. የሃኖቨር ኤክስፖ የሠራው የጃፓን ፓቪሊዮን ከወረቀት ቱቦ የተገነባ ሲሆን መሠረቱም ከኮንክሪት ይልቅ አሸዋ የተሞሉ ሣጥኖች ነበሩ። እናንተም አግዳሚውን በአሸዋ ወይም በድንጋይ የሚሞላ ሣጥን ብታደርጉት ወንበርም መልሕቅም ይሆናል፤ ከላይ ያስላነውን ክብደት ማሟላቱን ግን አረጋግጡ።

ደረጃ 9፦ መገንባት

ምሰሶዎቹ የሚቆሙበትን በችካልና በሲባጎ አስምሩ። 2.4 በ3.2 ሜትር የመረጥነው ሰያፉ በትክክል 4 ሜትር ስለሚመጣ ነው፤ ሁለቱም ሰያፎች 4 ሜትር ከሆኑ ማዕዘኖቹ ቀጥ ብለዋል። ጉድጓዱን ቆፍራችሁ ኮንክሪቱን ስትሞሉ የብረት ጫማዎቹን ቦታ በእንጨት ቅርጽ ያዙ፤ ኮንክሪቱ ከደረቀ በኋላ አንድ ሳንቲ ሜትር የተዛነፈ ጫማን ማረም አስቸጋሪ ነው። ቁመታቸውንም በውሃ ልክ አስተያዩ። ኮንክሪቱን ለሰባት ቀን እርጥብ አድርጋችሁ ጠብቁት፤ ሙሉ ጥንካሬው የሚለካው በ28 ቀን ነው። በዚህ ጊዜ ጣውላውን ቁረጡ፣ ብሱ፣ ቀቡ። የተቆረጡትን ጫፎችና የቀዳዳዎቹን ውስጥ ሳይቀቡ አታሳልፉ።

የኋላውንና የፊቱን ተርታ መሬት ላይ አጋድማችሁ ግጠሙ፣ ነፋስ በሌለበት ቀን አቁሟቸው። እያንዳንዱ ተርታ እንደቆመ በሁለት አቅጣጫ ጊዜያዊ ድጋፍ ይደረግለት፤ በቱንቢ ሳይለካ ብሎን አይጥበቅ። ጊዜያዊ ድጋፉን የምታነሡት ክልሎቹና ሰያፎቹ ሁሉ ከገቡ በኋላ ነው። አንድ ሰው ብቻ ትእዛዝ ይስጥ፣ ከሚነሣው ነገር ሥር ማንም አይቁም፣ ራስ መከላከያ ቆብ የሌለው አይግባ። ቆርቆሮውን ከዝቅተኛው ጠርዝ ጀምራችሁ ዘርጉ፤ መደራረቢያው ነፋስ ከሚመጣበት ተቃራኒ ይሁን፣ ጎማ ያለው ብሎን በቆርቆሮው ሞገድ አናት ላይ ይግባ እንጂ ውሃ በሚሄድበት ሸለቆ ላይ አይግባ።

በመጀመሪያው ዝናብ ወቅት ካሜራና ጠመኔ ይዛችሁ ሂዱ። ዝናቡ ወለሉ ላይ የደረሰበትን መስመር አስምሩና በሴክሽኑ ላይ ከሳላችሁት ጋር አወዳድሩ፤ ልዩነቱን በሪፖርታችሁ ውስጥ በቁጥር አስገቡት። እንጨት እየደረቀ ሲሄድ ይሸበሸባል፣ ብሎኖቹም ይላላሉ። ስለዚህ ከጥቂት ወራት በኋላ ቁልፍ ይዞ የሚመለስና ብሎኖቹን አንድ በአንድ የሚያጠብቅ ሰው ከቡድናችሁ መካከል አሁኑኑ ሰይሙ።